አፉን ተወው፣ ቅንድቡን እየው

ውኃ የሌለው ከተማ አይቻለሁ። ሐኪም የሌለው ከተማም አይቻለሁ። ፊልም ላይ ያለ ሰው ፊት አይቶ “ልቡን ካላነበብኩላችሁ” የሚል ሰው የሌለበት ከተማ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የናይሮቢ አውቶቡስ ውስጥ ግቡ፣ ከሾፌሩ በላይ ከተሰቀለችው ትንሽ ስክሪን ሥር ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ግቡ፣ ከኋላችሁ ነው። ሞያሌ ከመጣችሁ ደግሞ ፍለጋም አያስፈልግ። ከዋናው መንገድ ታጠፉና ወይዘሮ እታለማሁ ሆቴል ግቡ። ሆቴል ይባላል እንጂ አልጋ የለውም፤ ሻይና ምግብ ነው። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለውን ባለ መደገፊያ ወንበር ብቻ እንዳትነኩ። የክቡር ጋሽ አሰግድ ነው።

ጋሽ አሰግድ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ከተማው ሁሉ ጋሽ ሲለው እኔም ሳላስበው ጋሽ ማለት ጀመርኩ፤ አሁን ልተው ብል ጠብ ይሆናል። አባቱ ከደጋ ወርዶ፣ ድንበር ለሁለት በከፈላት ሞያሌ በኬንያ በኩል ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። ልጁም እዚያው ሱቅ ውስጥ የሎሪ መለዋወጫ ይሸጣል። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። ቀን ቀን የሚያወራው ስለ ፍሬን ሸራ ነው። አመሻሽ ላይ ሱቁን ዘግቶ፣ እጁን ታጥቦ ሲመጣ ግን የሰው ልጅ ፊት ሊቅ ይሆናል።

ሊቅነቱን ያገኘው ከመብራት መጥፋት ነው ማለት ይቻላል። አንድ ቀን መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የሆቴሉ ፍሪጅ ተቃጠለ፣ የቴሌቪዥኑም ድምፅ አብሮ ሄደ። ወይዘሮ እታለማሁ ፍሪጁን አሠራች። ቴሌቪዥኑን ግን “ድምፁ ሞቷል” ብላ ተወችው። ማንም አላዘነም። ከዲሹ የሚመጣው ፊልም የቱርክ ይሁን የኮሪያ ወይም የህንድ፣ ከደንበኞቹ ቋንቋውን የሚሰማ የለም። አንዱ ቦረና ነው፣ አንዱ ሶማሌ፣ አንዱ ቡርጂ፣ አንዱ እንደ እኛ የደጋ ሰው ልጅ። ሁላችንም እኩል ደንቆሮ ስንሆን ሰላም ወረደ። ከዚያ ሰላም ውስጥ ነው ጋሽ አሰግድ የተነሣብን።

“አፉን ተወው፣” ይላል ጣቱን ወደ ስክሪኑ ቀስሮ፣ “ቅንድቡን እየው!”

ቅንድቡን እናያለን። ቅንድብ ነው።

“ይኼ ሰውዬ ወንድሙን ሊከዳ ነው። አላየህም የቀኟ ብቻዋን ስትነሣ? የቀኟ ስትነሣ ክህደት ነው። የግራዋ ብትሆን ቅናት በሆነች።”

“ሁለቱም ቢነሡስ?” እለዋለሁ።

“ሁለቱም ከተነሡማ አንድ ነገር ረስቶ ነው የወጣው።”

መጥፎ ተዋናይ ሲያይ ደግሞ እንደ ዳኛ ጠረጴዛውን መታ ያደርግና “አበዛው!” ይላል። ይግባኝ የለውም። ዓይኑን አፍጥጦ፣ ደረቱን በእጁ ይዞ፣ ግድግዳ ታክኮ ቁልቁል የሚንሸራተት ተዋናይ ከመጣ “አበዛው!” ነው። አንዴ እናቱ የሞተችበት ወጣት ስክሪኑን ሞልቶ ሲያነባ ቤቱ ሁሉ አብሮ ተከዘ። ሻይ የምታቀርበው ሀዋኦ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ክቡርነታቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። “ማዘኑን አዝኗል፣ አልካድኩም። ግን አበዛው።”

መሳሳቱንስ? ይሳሳታል፣ ያውም በሙሉ ልብ! በአንድ የቱርክ ተከታታይ መሐል ልብስ የምታጥብ ቆንጆ ሴት ብቅ አለች። ፈገግ ብላ ነጭ ሸሚዝ ወደ ብርሃን ዘረጋች። “ይቺ ሴት ባሏን መርዝ ልታበላው ነው፣” አለን። “ፈገግታዋ ጥርሷ ላይ ቀረ፤ ዓይኗ አልደረሰም።” ሳምንቱን ሙሉ ባልየው መቼ እንደሚሞት ጠበቅን። በመጨረሻ የሳሙና ማስታወቂያ መሆኗ ታወቀ። ጋሽ አሰግድ ግን አልተበገረም። “ማስታወቂያም ይሁን፤ እኔ ባሏን ብሆን እቤት አልበላም ነበር።”

እኔ በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ተምሬያለሁ፣ ከዚያም እዚሁ ሞያሌ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አስተምሬያለሁ። የሰው ውስጥና ውጪ እንዴት እንደሚገናኙ ብዙ ጥራዝ አገላብጫለሁ። መልስ አላገኘሁም፤ ጋሽ አሰግድም አላገኘም። እሱ ግን ፍለጋው ያስደስተዋል። አንድ ነገሩ ደግሞ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሁላችንም የሚናገረውን ተዋናይ ስናይ እሱ ዓይኑ ሌላው ላይ ነው።

“የሚናገረውንማ ማንም ያየዋል፣” ይላል። “ለመናገር ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። አንተ የሚሰማውን እየው። ሰው ሲያዳምጥ ነው የሚያመልጠው።”

ይህን ካለኝ ወዲህ ስብከትም፣ ለቅሶ ቤትም፣ የሰፈር ስብሰባም ስሄድ የሚናገረውን ትቼ የሚሰሙትን ማየት ለመድኩ። የሰውን ፊት እንደዚያ በፀጥታ ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚል ቀድሞ ቢነግሩኝ ብዙ ስብሰባ ባላማረርኩ። እሱ ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ናይሮቢ ሲወርድ እኔ ሆቴሉን አልረግጥም። ኬቨንም እንደዚያው። ያለ ጋሽ አሰግድ ፊልም ማየት ጨው የሌለው ሥጋ መብላት ነው።

ኬቨን ከሐይቅ ዳሯ ኪሱሙ የመጣ ኬንያዊ ሉዎ ነው፣ ድንበሩ ላይ ትራንዚተር። አማርኛውን ከሾፌሮች ስለለቀመው ግማሹ አማርኛ ግማሹ ስዋሂሊ ነው፤ የጋሽ አሰግድም ዋና ተቃዋሚ እሱ ነው። ትልቁ ክርክራቸው የተነሣው በአንድ የህንድ ፊልም ነበር። በረንዳ ላይ የቆመች ልጅ አለች። ጎረምሳው ተንበርክኮ ቀለበት ዘረጋ። ልጅቱ ሁለት ቅንድቧን ከፍ አድርጋ፣ አፏን ገርበብ አድርጋ፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

“አዎ አለች!” ብሎ ጋሽ አሰግድ ከወንበሩ ተነሣ። “በእኔ ሒሳብ ለሁሉም ሻይ!”

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሀዋኦ እልል አለች። ሻዩ ሳይቀዳ ልጅቱ ቀለበቱን ጉድጓድ ውስጥ ወረወረች፣ ጎረምሳውንም በጫማዋ አናቱን አለችው።

“ሀሳቧን ቀየረች፣” አለ ጋሽ አሰግድ እየተቀመጠ።

“ሀፓና፣ ምዜ!” አለ ኬቨን። እምቢታውም አክብሮቱም በስዋሂሊ ነው። “ልጅቱ ደንግጧል! የምን አዎ ነው? እኔ ሞያሌ የመጣሁ ቀን ወይዘሮ እታለማሁን ሻይ አለ ወይ አልኳት። ቅንድብ ወደ ላይ፣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ፣ ህእ! ከኋላዬ እባብ ያለ መስሎኝ ዘልዬ ጠረጴዛ ላይ ወጣሁ። ለካ ሻይ አለ ማለቷ ነው!”

“አንተ የዓሣ አገር ሰው፣ ዝም በል! ዓሣ ቅንድብ አለው? የት ተማርከው?”

“ሴት ሀሳቧን ስትቀይር ጫማ አትወረውርም፣ ጋሽ አሰግድ፣” አለች ወይዘሮ እታለማሁ ከባንኮኒው ጀርባ ብርጭቆ እያደረቀች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

ወይዘሮ እታለማሁ ባሏ ጥሏት ከሄደ በኋላ ቤቱን ብቻዋን ያቆመች፣ ቃሏ አጭር፣ ፊቷ ልክ እንደ ባንኮኒዋ ጠርቶ የተወለወለ ሴት ናት። የሎሪ ሾፌር ቢሰድባትም ቢያመሰግናትም ያው ፊት ነው። እኔ እንኳ ለብዙ ጊዜ ስለ ምንም ነገር ምን እንደምታስብ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ሻይ እያቀረበች እንደ ዋዛ ነገረችን። “ወንድሜ ሀዋሳ ነይ፣ አብረን እንሁን ይለኛል። ጉልበቴም ደክሟል። ከኢሲዮሎ አንድ ሰው መጥቶ ቤቱን አይቶታል።”

“ልትሸጪው ነው?” አልኩ።

“እስኪ አያለሁ፣” አለችና ትሪዋን ይዛ ሄደች።

ያን ዕለት ስክሪኑ ላይ አንድ ሰው ባቡር ጣቢያ ቆሞ ሁለት ቅንድቡን እስከ ፀጉሩ ሥር ሰቅሎ ነበር። ቤቱ ሁሉ ወደ ጋሽ አሰግድ ዞረ። ጋሽ አሰግድ ሻዩን ያማስላል።

“ምዜ፣ ቅንድብ!” አለ ኬቨን ሊረዳው ፈልጎ።

“ቅንድብ ነው፣” አለ ጋሽ አሰግድ፣ ሻዩንም ሳይጨርስ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ቤቴ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም። “መምህር፣ ሽማግሌ ሁነኝ።”

“ለማን?”

“ለእኔ ነዋ!”

“ማንን ልጠይቅልህ?”

“ፍልስፍና ተምረህ ይህቺ ትጠፋሃለች?”

አልጠፋችኝም። ግን ሽማግሌ የሚላከው ወደ ወላጅ ነው፤ የእሷ ወላጆች ካረፉ ስንት ዘመናቸው! “ለምን ራስህ አትጠይቃትም?” አልኩት። “በየቀኑ ነው የምታያት።”

ያን ጊዜ ተቀመጠ። “እሱ ነው እኮ ችግሩ። ቱርኩን አነባለሁ። ኮሪያውን አነባለሁ። እሷ ጋ ስደርስ ፊደሉ ይጠፋብኛል። ዓይኗን ልይ ስል ብርጭቆ ነው የማየው፣ ሻይ ነው የማየው፣ ሌላ ነገር ነው የማየው። እሷን አላያትም። ብትሄድ ደግሞ…”

ከሄደ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። የተዋናይ ፊት ከተመልካቹ ምንም አይጠይቅም። ካሜራው አምጥቶ አፍንጫህ ሥር ያቆምልሃል፤ እንደልብህ አፍጥጠህ ታየዋለህ፣ አይቆጣህም፣ አያፍርብህም፣ መልስህንም አይጠብቅም። መልስ የሚጠብቅ ፊት ሲሆን ግን ዓይን ይሸሻል። ምናልባት ፊልም የተወደደው ለዚህ ይሆናል፤ ሳንታይ እንድናይ።

ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም። በኋላ ሱቁ ሄጄ ሁለተኛ ሰው ማን ይሁን ስለው “ኬቨን” አለ።

“ኬቨን ሉዎ ነው። የሽምግልናን ወግ ምን ያውቃል?”

“አፉ ዝግ ነው። ሌላ ሰው ከነገርን ነገ ከተማው ይሰማዋል። ደግሞ ፂም አለው።”

በሞያሌ ታሪክ ለአበሻ ጋብቻ የተላከ የመጀመሪያው ሉዎ ሽማግሌ በዚህ ሁኔታ ተሾመ። መንገድ ላይ ወጉን አስጠናሁት። “ቆመን ነው የምንናገረው። ተቀመጡ ብትልም አንቀመጥም። የመጣንበትን ሳትሰማን ከተቀመጥን ነገሩ ቀለለ ማለት ነው።”

“ሳዋ፣ ምዋሊሙ፣” አለ። እሺ መምህር ማለቱ ነው። ኮት ለብሶ፣ በዚያ ፀሐይ፣ እንደ ቧንቧ ያልበዋል።

ሆቴሉ ከምሳ በኋላ ፀጥ ባለበት ሰዓት ደረስን። ወይዘሮ እታለማሁ ብርጭቆ ታደርቃለች። “ምነው በደህና? ተቀመጡ እንጂ!”

ኬቨን ተቀመጠ።

በኮቱ ኮሌታ ይዤ አነሣሁት። እሷ ኮቱን አየች፣ የእኔን ነጠላ አየች፣ ሁለታችንም እንደ ችካል መቆማችንን አየች። እጇ ብርጭቆው ላይ ቀጥ አለ።

“ወይዘሮ እታለማሁ፣” አልኩ፣ እንደ ተማሪ በቃሌ የሸመደድኩትን እያነበነብኩ፣ “አንድ ሰው ልኮን ነው። ሰውየውን ታውቂዋለሽ፤ ወንበሩንም ታውቂዋለሽ። ወጣትነቱ አልፏል። የቀረውን ዘመን ግን ካንቺ ጋር ልኑር ይላል። ፈቃድሽን ልንጠይቅ መጣን።”

ሁለት ቅንድቧ ተነሣ። አፏ ገርበብ አለ። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። ህእ!

በዚያችው ቅጽበት ከማርሳቢት የመጣ አውቶቡስ በር ላይ ቆሞ አቧራውንና ተሳፋሪውን አራገፈብን። “እትዬ፣ ወጡ አረረ!” ብላ ሀዋኦ ከጓዳ ጮኸች። ወይዘሮ እታለማሁ ብርጭቆውን እንደያዘች ወደ ጓዳ ሮጠች። ቤቱ በራበው ሰው ተሞላ። ሁለት ሽማግሌዎች መሐል ላይ ቆመን ቀረን።

“አዎ አለች፣” አልኩ ውጪ ስንወጣ።

“ሀፓና። ደንግጧል።”

“ኬቨን፣ እኔ እዚህ ቋንቋ ውስጥ ነው የተወለድኩት።”

“እኔም ሰው ሆኜ ነው የተወለድኩት፣ ምዋሊሙ! ሰው ሲደነግጥ እንዲህ ነው። አንተ ስትደነግጥ ትንፋሽህ ወዴት ይሄዳል?”

ቆም ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ነው። እኛም ስንደነግጥ ወደ ውስጥ ነው የምንስበው። ይህን ሁሉ ዕድሜ ኖሬ “አዎ” እና “ውይ!” በአንድ በር እንደሚገቡ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ተመልሰን እንጠይቃት? ገና የተጠየቀችን ሴት፣ ያውም ድስት ላይ ሳለች፣ አልሰማንሽም ድገሚው ማለት ነውር ነው።

ጋሽ አሰግድ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። እጁን ዘረጋ። “አትናገሩ! ራሴ አነባለሁ።” ፊቴን አየ። ፊቱ በራ። “እሺ ብላለች!” ቀጥሎ ኬቨንን አየ። ፊቱ ጠቆረ። “እምቢ ብላለች።” ከዚያ የሎሪ ጎማ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። “ከሁለት አንዳችሁ አብዝታችሁታል።”

የሆነውን ሁሉ ነገርነው፤ ትንፋሹንም፣ ወጡንም። “ዛሬ እዚያ ቤት አልሄድም፣” አለ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አንዱን ክንዱን እኔ፣ አንዱን ኬቨን ይዘን ወሰድነው። “ካልሄድክ መልሱን አንተ ሰጠሃት ማለት ነው፣” አልኩት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ቸነከረ። ወይዘሮ እታለማሁ ባንኮኒዋ ጀርባ ናት፤ ወደ እኛ አትመጣም፣ አትርቅም። ሻይ ሀዋኦ አመጣችልን። አንዲት ሴት ስክሪኑ ላይ ሻንጣ ይዛ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ጋሽ አሰግድ አያነብም። ቤቱ ውስጥ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ሀዋኦ ጠረጴዛ ስትጠርግ ሪሞቱ ከጨርቁ ሥር ገባ።

ቴሌቪዥኑ ጮኸ! ቫዮሊን፣ የሴት ለቅሶ፣ ዝናብ፣ ሁሉም ባንድ ላይ። አንዱ ሾፌር ቻፓቲው ከእጁ ወደቀ። ጋሽ አሰግድ ብድግ አለ።

“ድምፁ ዳነ! እታለም፣ ድምፁ ዳነልሽ!”

“ምን ዳነ ይላሉ፣ ጋሼ!” አለች ሀዋኦ ሪሞቱን በሁለት እጇ እየደበደበች፣ በድንጋጤ አፏ አምልጧት። “ቴሌቪዥን ጠጋኙ ሱራ ሠርቶት ከሄደ ስንት ጊዜው! እርስዎ ሲመጡ ነው እኮ እትዬ ድምፁን የምትዘጋው!”

ደንበኞቹ ሁሉ ወደ ሳህናቸው አቀረቀሩ። ለካ ከሦስታችን በቀር ሁሉም ያውቃል።

ወይዘሮ እታለማሁ ከባንኮኒዋ ወጣች። ሪሞቱን ከልጅቱ ተቀብላ ተጫነችው። ቤቱ ወደ ዱሮው ዝምታ ተመለሰ። ሪሞቱን በነጠላዋ ጠረገች፣ ያልቆሸሸውን። ከዚያ ማንንም ሳታይ፣

“ጋሽ አሰግድ፣” አለች፣ “ሴትየዋ ምን እያለች ነው?”

ሰውዬው ልማዱ ነውና ተመልሶ ተቀምጦ፣ ወደ ስክሪኑ ዞሮ ጉሮሮውን ጠረገ። “ይቺ ሴት እንግዲህ… ሻንጣውን አያያዟን ካያችሁ…”

ኬቨን በጠረጴዛ ሥር ረገጠው። እኔም ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ የራሱን ሕግ መለስኩለት። “የምትናገረውን ተዋት። የምትሰማህን እያት።”

ቀስ ብሎ ከስክሪኑ ዞረ።

ከዚያ በኋላ ፊቷ ላይ ምን እንዳነበበ አልነግራችሁም፤ አላየሁማ። ትንሽ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስትሳብ ሰማሁ፣ ያ ብቻ። እሱ እንዳስተማረኝ እኔ የማየው የሚሰማውን ነበር። የጋሽ አሰግድን ፊት ይህን ያህል ዘመን ከጎን ብቻ፣ የቴሌቪዥን ብርሃን እየጠቀሰው ሳየው ኖሬ፣ ፊት ለፊት ያየሁት ያን ቀን መሰለኝ። ዓይኑ ፈጠጠ። እጁ ደረቱ ላይ ወጣ። የወንበሩን መደገፊያ ታክኮ ቁልቁል ተንሸራተተ።

ኬቨን ጠረጴዛውን መታ። “አበዛው!”

ጋሽ አሰግድ ይግባኝ አላለም።